ጥያቄና መልስ ሲነጣጠሉ፤ የሊኑክስ ፓኬጆች ያለ ተጠባባቂ መጫን የጀመሩበት ታሪክ

ማንኛውም መሥሪያ ቤት ባለጉዳዩን ሳይጠይቅ መዝገብ አይከፍትም። ስም፣ የአባት ስም፣ አድራሻ፣ የጉዳዩ ዐይነት መታወቅ አለበት። የአጠያየቁ ሥርዓት ግን ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ጸሐፊው ባለጉዳዩን በመስኮት ፊት አቁሞ አንድ በአንድ እየጠየቀ የሚጽፍበት ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄዎቹ ሁሉ በቅጽ ታትመው ባለጉዳዩ በቤቱ ሆኖ፣ አስቦና ዐዋቂ አማክሮ፣ ሞልቶ የሚያቀርብበት ነው። በመጀመሪያው አሠራር ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ካልተገናኙ ሥራው ይቆማል። በሁለተኛው ግን ጥያቄው ዛሬ እዚህ፣ መልሱ ነገ እዚያ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም በላይ ቅጹ ባለጉዳዩ በሚያውቀው ቋንቋ ሊታተምለት ይችላል።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከመስኮቱ ወደ ቅጹ ለመሻገር ከ25 ዓመታት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ይህ ጽሑፍ የዚያን መሻገር ታሪክ በአጭሩ ለማኅበራችን አባላት ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው። ታሪኩ በአንድ በኩል ሲታይ የድካም ቅነሳ ታሪክ ነው። በሌላ በኩል ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ልዩ ትርጉም አለው፤ ማሽኑ ያለ ተጠባባቂ እንዲደራጅ ያስቻለው ብልሃትና ማሽኑ በአማርኛ እንዲጠይቅ ያስቻለው ብልሃት አንድ ናቸውና። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ይሁን።

የችግሩ ባሕርይ

ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ፕሮግራሞች የሚከፋፈሉት ፓኬጅ በሚባሉ ጥቅሎች ነው። አንድ ፓኬጅ የፕሮግራሙን ፋይሎች ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮግራሙን ለቦታው እንዲስማማ አድርገው የሚያሰናዱ አጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎችንም ይይዛል። እነዚህ ጽሑፎች አንዳንድ ነገሮችን በራሳቸው ሊያውቁ አይችሉም። የፖስታ መልእክት ማስተላለፊያው ፓኬጅ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የዳታ ቤዙ ፓኬጅ የኀላፊውን የምስጢር ቃል፣ የሰዓት ፓኬጁ ማሽኑ ያለበትን አገርና ከተማ ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ ይጠይቃሉ፤ መልስ እስኪያገኙም ይጠብቃሉ።

ነገሩን ከቅርብ ለመመልከት፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሳንሱሲ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒዩተሮችን በሊኑክስ ለማደራጀት ተነሣ እንበል። ቋንቋው ምንድን ነው? አገሩ የት ነው? የቁልፍ ሰሌዳው ምን ዐይነት ነው? ዲስኩ እንዴት ይከፈል? የኀላፊው የምስጢር ቃል ምን ይሁን? በአንድ ማሽን ላይ የሚቀርቡት ጥያቄዎች 15 ብቻ ቢሆኑ እንኳ ለ20 ማሽኖች 300 መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ከ300ው አንዱ መልስ ቢሳሳት 19ኙ ማሽኖች አንድ ዐይነት፣ አንደኛው ሌላ ዐይነት ይሆናሉ፤ የትኛው እንደ ተለየም የሚያውቅ አይኖርም።

በእኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የመብራት ነገር ይጨመራል። ፓኬጅ በመጫን ላይ ያለ ማሽን ጥያቄ አቅርቦ መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ ሥራው በእንጥልጥል ነው። መልስ ሰጪው ለምሳ ወጥቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ፋይሎቹ ተዘርግተው ቅንብራቸው ያላለቀ ፓኬጆች በግማሽ መንገድ ይቀራሉ። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣም ያልተጨረሰው ቅንብር በልዩ ትእዛዝ እንዲጨረስ ይጠይቃል። ጥያቄው ሰውን እየጠበቀ የሚያባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ ለእንዲህ ያለው አደጋ የተጋለጠ ደቂቃ ነው።

ጥያቄውን እያነበቡ የመመለስ ዘመን

የመጀመሪያው መፍትሔ የዋህ ነበር። በ1979 ከቤል ላቦራቶሪ በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ «የስ» የምትባል እጅግ አነስተኛ ፕሮግራም ትገኛለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ እስኪያስቆሟት ድረስ የእሺታ ምልክት የሆነችውን «ዋይ» የተባለች የላቲን ፊደል በየመስመሩ እየጻፈች መልቀቅ። የእርስዋን ቃል ለሌላ ፕሮግራም ሲያቀብሉት፣ ያ ፕሮግራም «ልቀጥል ወይ?» ባለ ቁጥር እሺታ ያገኛል። ጥያቄዎቹ ሁሉ እሺ ሊባሉ የሚገባቸው ሲሆኑ ይህ በቂ ነበር። ይሁን እንጂ «የስ» ጥያቄውን አትሰማም። «ፋይሉን ልሰርዝ ወይ?» ቢባልም መልስዋ ያው ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም የሚጠይቅ ቢመጣም ያችኑ ፊደል ትሰጠዋለች።

ሁለተኛው መፍትሔ የረቀቀ ነበር። በ1990 ዶን ሊብስ የተባለው በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረ ባለሙያ «ኤክስፔክት» የተባለውን መሣሪያ ለሙያው ዓለም አቀረበ። መሣሪያው የተሠራው ጆን አውስተርሃውት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ባዘጋጀው «ቲክል» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ነው። ኤክስፔክት ሰው መስሎ በተርሚናሉ ፊት ይቀመጣል፤ ጠያቂው ፕሮግራም የሚያወጣውን ጽሑፍ ይከታተላል፤ አስቀድሞ የተነገረውን ቃል ባየ ጊዜ የተዘጋጀለትን መልስ ይጽፋል። ጠያቂው ፕሮግራም የሚያነጋግረው ሰው ይሁን ማሽን አያውቅም። ያለ ሰው ሊሠሩ ፈጽሞ ያልታሰቡ ብዙ ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ ሥራቸውን በራሳቸው መፈጸም ቻሉ። መሣሪያው እስከ ዛሬም ድረስ ያገለግላል።

የኤክስፔክት ብርታት ግን ድካሙም ነበር። መልስ የሚሰጠው የጥያቄውን ቃል አንብቦ በመሆኑ፣ የፕሮግራሙ አዘጋጅ በሚቀጥለው እትም አንዲት ቃል ቢለውጥ ወይም የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ቢያዛውር ተርጓሚው ግራ ይጋባል፤ ያልመጣ ጥያቄ ሲጠብቅ ይውላል። ከዚህ የሚከተል ሌላም ውጤት አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈን ጥያቄ እንዲጠብቅ የታዘዘ ጽሑፍ ጥያቄው በሌላ ቋንቋ ከመጣ አያውቀውም። ስለሆነም ሥራውን በዚህ መንገድ ያለ ሰው ለማካሄድ የፈለገ ባለሙያ ማሽኑ ምንጊዜም በእንግሊዝኛ እንዲናገር ማስገደድ ነበረበት። በዚያ ዘመን የሥራ ቅልጥፍናና የአገር ቋንቋ አንዱ ሌላውን የሚያስወጣ ነገር ሆነው ነበር ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውን መንገድ የጀመሩት የንግድ ዩኒክስ ሠሪዎች ናቸው። የሶላሪስ ፓኬጆች ከሲስተም ፋይቭ ሪሊዝ 4 በወረሱት ሥርዓት መሠረት፣ ጥያቄዎቻቸውን ለብቻው በተለየ የጥያቄ ጽሑፍ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ባለሙያው ያን ጽሑፍ ከመጫኑ በፊት አስነሥቶ መልሶቹን በአንድ ፋይል ካስቀመጠ በኋላ፣ መጫኑ ያን ፋይል እያነበበ ያለ ሰው ይካሄዳል። የቅጹ አሳብ በዚህ ተወለደ። ሬድ ሃት የተባለው ድርጅት በበኩሉ በ1995 ባወጣው አርፒኤም በተባለው የፓኬጅ ሥርዓት ከዚህም የጠነከረ ደንብ ያዘ፤ ፓኬጅ ሲጫን ምንም ነገር መጠየቅ የለበትም፤ ቅንብር ካስፈለገ ባለቤቱ ኋላ በእጁ ያድርገው የሚል ነው። ደንቡ ንጹሕ ነበር፤ ሸክሙን ግን አላስወገደውም፤ ከመጫኛው ሰዓት ወደ ሌላ ሰዓት አዛወረው እንጂ።

የዴቢያን መንገድ

ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን ያስተዋወቀው በ1991 ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ በነሐሴ 1993 ኢያን መርዶክ የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ ዴቢያን የተባለውን ስርጭት መጀመሩን አስታወቀ። የዴቢያን ልዩ ጠባይ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፓኬጅ እያዘጋጁ በአንድ ደንብ ሥር የሚያዋጡበት መሆኑ ነው። ዲፒኬጂ የተባለው የፓኬጅ ጫኚ ከመጫን በፊትና በኋላ፣ ከማንሣትም በፊትና በኋላ የሚሠሩ አራት የትእዛዝ ጽሑፎች ለእያንዳንዱ ፓኬጅ ፈቅዷል። ጥያቄ የሚቀርበውም ከእነዚሁ ውስጥ ነበር።

ከበጎ ፈቃደኞች ብዛት የመጣው ችግርም ይኸው ነበር። አንዱ አዘጋጅ ጥያቄውን በአንድ ዐይነት ይጽፋል፣ ሌላው በሌላ ዐይነት። አንዱ «አዎን» የሚለውን በሙሉ ቃል ይጠብቃል፣ ሌላው በአንድ ፊደል። ጥያቄዎቹ የሚመጡት ደግሞ በአንድ ላይ ሳይሆን መጫኑ በሚካሄድበት ሰዓት ሁሉ ተበታትነው ነው። አንድ መቶ ፓኬጅ የሚጭን ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ቢሄድ፣ ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑን በ30ኛው ፓኬጅ ላይ ቆሞ ሊያገኘው ይችላል። ጥያቄውና መልሱ በፓኬጁ ልብ ውስጥ ተሰፍተው ስለ ነበር ከውጭ ሊነኩ አይችሉም ነበር።

ዴብኮንፍ

መፍትሔው በ1999 መጣ። ዊከርት አከርማንና ጆይ ሄስ የተባሉ የዴቢያን አባላት ጥያቄ ሁሉ በአንድ ሥርዓት እንዲተዳደር የሚያዝ ደንብ አወጡ፤ ጆይ ሄስም ደንቡን በሥራ ላይ የሚያውል «ዴብኮንፍ» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። በነሐሴ 2000 የወጣው የዴቢያን 2.2 እትም ይህን ፕሮግራም ይዞ ወጣ። ኋላም የዴቢያን ደንብ፣ ማንኛውም ፓኬጅ ሰውን መጠየቅ ቢፈልግ በዴብኮንፍ ወይም ያንኑ ሥርዓት በሚከተል ፕሮግራም በኩል እንዲጠይቅ አስገዳጅ አደረገው።

የዴብኮንፍ አሠራር በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከቃሉ የተለየ ቋሚ ስም አለው። ጥያቄው በሰሌዳ ላይ እንዴትም ሆኖ ቢጻፍ፣ ፓኬጁ የሚጠራው በስሙ ነው። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የሚጠብቀው መልስ ዐይነት ይታወቃል፤ አዎን ወይም አይደለም፣ ከዝርዝር አንዱን መምረጥ፣ ከዝርዝር ብዙ መምረጥ፣ የተጻፈ ቃል፣ የምስጢር ቃል የመሳሰለው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የክብደት ደረጃ አለው፤ ደረጃዎቹም አራት ናቸው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛና እጅግ አስፈላጊ። ባለሙያው «ከከፍተኛ በታች ያለውን አትጠይቀኝ» ሊል ይችላል። አራተኛ፣ ጥያቄውን ለሰው የሚያሳየው ክፍል ከጥያቄው የተለየ ነው። ያው ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራ ተርሚናል፣ በሣጥን በተከፈለ ሰሌዳ፣ ወይም በመስኮትና በመዳፊት በሚሠራ ገጽ ሊቀርብ ይችላል። ከእነዚህም አንዱ ፈጽሞ የማይጠይቀው ነው። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ስሙ «ኖንኢንተራክቲቭ» የሚሉት ይህ ገጽ ምንም ሳያሳይ በተቀመጠለት መልስ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ሁለት ጠቃሚ ልማዶች ተጨመሩ። ጥያቄዎቹ ፓኬጆቹ ከመዘርጋታቸው በፊት ተሰብስበው በአንድ ጊዜ እንዲቀርቡ ተደረገ፤ መላሹ መልሱን ሰጥቶ ወደ ሌላ ሥራው መሄድ ቻለ። የተሰጡት መልሶችም በመዝገብ ይቀመጣሉ፤ አንዴ የታየ ጥያቄ እንደ ታየ ምልክት ይደረግበታል፤ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሥራው እንደገና ቢጀመር ሰውዬው እንደገና አይጠየቅም። እዚህ ላይ ግን ሠሪዎቹ አጥብቀው የያዙት አንድ መርህ አለ። የዴብኮንፍ መዝገብ የጥያቄና መልስ ማስታወሻ እንጂ የሥርዓቱ ዋና መዝገብ አይደለም። ዋናው ባለሙያው በእጁ ሊያርመው የሚችለው የቅንብር ፋይል ነው፤ ሰው በእጁ ያረመውን ፓኬጅ ሊሽርበት አይገባም።

መልስ በመዝገብ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት መዝገቡ ውስጥ መልስ ማስገባት ይቻላል። በዚህም መሠረት አንድ መስመር አራት ነገሮችን ይዞ ይጻፋል፤ የፓኬጁን ስም፣ የጥያቄውን ስም፣ የመልሱን ዐይነትና መልሱን። ለምሳሌ ያህል የሰዓት ፓኬጁ ከአፍሪካ ከተሞች የትኛዋን እንደምንመርጥ ለሚያቀርበው ጥያቄ «አዲስ አበባ» የሚል መስመር አስቀድሞ ከገባለት አይጠይቅም። እነዚህ መስመሮች በአንድ ፋይል ሲሰበሰቡ፣ በእርሻ ቋንቋ አስቀድሞ መዝራት ማለት የሆነውን «ፕሪሲድ» የሚለውን ስም ያገኛሉ።

በዚያው በ1999 በጀርመን አገር በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ላንገ የተባለው ባለሙያ ብዙ ማሽኖችን ያለ ሰው የሚጭነውን «ፋይ» የተባለውን ሥርዓት አወጣ። በሰኔ 2005 የወጣው የዴቢያን 3.1 እትም ደግሞ አዲስ የተጻፈ መጫኛ ይዞ መጣ፤ ይህ መጫኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዴብኮንፍ ሥርዓት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የአንድ ፓኬጅ ብቻ ሳይሆን የመላው ሥርዓት ጥያቄዎች በአንድ ፋይል ሊመለሱ ቻሉ። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ የሳንሱሲው ትምህርት ቤት 300 መልስ መስጠቱ ቀርቶ 15 መስመር ጽፎ ለ20 ማሽኖች ማዋል ቻለ ማለት ነው።

ጥያቄው አማርኛ ሲናገር

የዴብኮንፍ መሥራቾች ያሰቡት በዋናነት የባለሙያውን ድካም ለመቀነስ ነበር። ሆኖም ጥያቄው የራሱ ስም ካለውና ቃሉ ከስሙ ከተለየ፣ ቃሉ ሊተረጐም ይችላል። ባለሙያው የጻፈው የመልስ ፋይልም በትርጉሙ ምክንያት አይፈርስም፤ የሚጠራው ስሙን እንጂ ቃሉን አይደለምና። በዝርዝር ለቀረቡ ምርጫዎችም ሰው በሰሌዳው የሚያየው የተተረጐመውን ሲሆን፣ በመዝገቡ የሚቀመጠው ግን ያልተለወጠው የመጀመሪያ ቃል ነው። በኤክስፔክት ዘመን ተጻርረው የነበሩት ቅልጥፍናና የአገር ቋንቋ በዚህ ታረቁ።

አማርኛ ወደዚህ ሥርዓት እንዲገባ አስቀድሞ ፊደሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር ማግኘት ነበረበት። የሚገርመው አጋጣሚ ይህም የሆነው በ1999 መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ምልክቶች አካተተ። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ደግሞ የቀናትን፣ የወራትን፣ የገንዘብንና የመሳሰለውን አጻጻፍ የሚወስነውን የአማርኛና የኢትዮጵያ የአካባቢ መግለጫ ለሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። እንዲህ ያለው ሥራ ስሙ በሰሌዳ ላይ የማይታይ፣ ካልተሠራ ግን ሌላው ሁሉ የማይቆምበት የመሠረት ድንጋይ ነው።

በዴቢያን በኩል የመጫኛውን ትርጉም ሥራ ክርስቲያን ፔሪየ የተባለው ፈረንሳዊ አስተባባሪ ሲመራ፣ የጥያቄዎቹ ቃላት ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ተርጓሚም ሊሠራባቸው በሚችል በቀላል የትርጉም ፋይል እንዲቀርቡ ተደረገ። በየካቲት 2009 «ሌኒ» የተባለው የዴቢያን 5.0 እትም ሲወጣ መጫኛው በ63 ቋንቋዎች የሚናገር ሆኖ ነበር። በዚያ እትም በአዲስነት ከገቡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ሌሎቹ ማራቲ፣ አይሪሽ፣ ሰሜናዊ ሳሚና ሰርቢያኛ ነበሩ።

ከ63ቱ ቋንቋዎች 50ዎቹ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው ሰሌዳ ጭምር ይታዩ ነበር። የቀሩት 13 ግን፣ አማርኛም ከእነርሱ አንዱ ሆኖ፣ ፊደላቸው በዚያ ሰሌዳ ሊታይ ስላልቻለ በሥዕላዊው ገጽ ብቻ የሚመረጡ ነበሩ። ሂንዲ፣ ቤንጋሊ፣ ታሚል፣ ጆርጂያኛ፣ ክሜርና ታይ በዚሁ ወገን ናቸው። ሥዕላዊው ገጽ ለመጫኛው የተሰጠው ከ2 ዓመት በፊት በ2007 በወጣው እትም ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ የዴብኮንፍን አራተኛ ምሰሶ ያስታውስ። አዲሱ ገጽ ሲጨመር ጥያቄዎቹ እንደገና አልተጻፉም። የጥያቄው ማሳያ ከጥያቄው ተለይቶ ስለ ነበር፣ ያው ጥያቄ በአዲሱ ሰሌዳ ላይ በፊደላችን ሊቀርብ ቻለ። ሳይጠይቅ የሚያልፈው ገጽና አማርኛ የሚጽፈው ገጽ በአንድ በር የገቡ ወንድማማች ናቸው ያልነው ስለዚህ ነው።

በዚያው የ2009 እትም የተጻፈ ሌላ አጭር ማስታወሻም ልብ ሊባል ይገባል። የትርጉሙ እድሳት ስላልቀጠለ ኢስቶኒያኛ ከመጫኛው ወጥቶ ነበር። ኢስቶኒያ በኮምፒዩተር ሥራ የታወቀች አገር ናት፤ ቋንቋዋ የወጣው ግን በዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ በዚያ ወቅት ፋይሉን የሚያድስ ሰው ባለመገኘቱ ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ መግባት አንድ ነገር፣ ገብቶ መቆየት ሌላ ነገር ነው።

ዝምታ ሲመልስ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። ይኸው ሰው «ዝምታ ለበግም አልበጃት» ብሎም ይተርታል። የሁለቱም ተረቶች እውነት በዚህ ሙያ ውስጥ ይገኛል።

ሳይጠይቅ የሚያልፈው ገጽ መልስ ተዘጋጅቶለት ከሆነ ያን ይወስዳል፤ ካልተዘጋጀለት ግን ነባሪውን መልስ፣ ማለትም የፓኬጁ አዘጋጅ በሩቅ አገር ሆኖ ያስቀመጠውን መልስ ይይዛል። ከ2013 ጀምሮ ዶከር የተባለው መሣሪያ ሲስፋፋ ማሽኖች በሰው ፊት መደራጀታቸው እየቀረ መጣ፤ ያን የዝምታ ትእዛዝ በየፋይሉ ራስ ላይ መጻፍም እንደ ልማድ ተያዘ። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያስጽፈው ያ የሰዓት ፓኬጅ ነው፤ አህጉርህ የት ነው፣ ከተማህ ማን ናት እያለ ሥራ ያስቆማልና። በዝምታው ትእዛዝ ጥያቄው ይቀራል፤ ማሽኑም ዩቲሲ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዛል።

ይህ ሰዓት ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ጉዳቱ ሰዓቱ በመለየቱ ብቻ አያበቃም። አንድ በሽተኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ቢገባና ማሽኑ የያዘውን ሰዓት እንዳለ ቢመዘግብ፣ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ሰኞ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሆነው ሁሉ በየቀኑ ባለፈው ቀን ይመዘገባል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ማንም አልዋሸም፤ ጥያቄው ቀርቦ መላሽ ስላልነበረው ዝምታው መለሰ እንጂ። ዓለም አቀፉን ሰዓት መርጦ መያዝ ስሕተት አይደለም፤ ብዙ ባለሙያዎች ለአገልጋይ ማሽኖች አስበው የሚመርጡት ነው። ስሕተቱ ሳይመርጡ መያዙ ነው።

ዲስክን የሚመለከቱት ጥያቄዎች ከዚህም የከበዱ ናቸው። የዴቢያን መጫኛ ዲስክ ከፍሎ በላዩ ከመጻፉ በፊት ማረጋገጫ የሚጠይቀው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱም የተለየ የጥያቄ ስም አለው። እነዚህን ሁሉ «አዎን» ብሎ የሞላ የመልስ ፋይል፣ በባዶ ወረቀት ላይ እንደ ተፈረመ ፊርማ ነው። ፋይሉ የያዘው ኮምፒዩተር በስሕተት የሒሳብ ክፍሉ ማሽን ላይ ቢሰካ፣ መጫኛው የሚጠይቀው ሰው የለም። የምስጢር ቃልም በዚሁ ፋይል በግልጽ ሊጻፍ ስለሚችል፣ መጫኛው በምስጢር የተለወጠውን ቅርጽ እንዲቀበል የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዝምታ የማይደርስባቸው ጥያቄዎችም አሉ። ሰው በእጁ ያረመውን የቅንብር ፋይል አዲሱ ፓኬጅ ሊተካው ሲመጣ፣ «የራስህን ላቆይ ወይስ የእኔን ልተካ?» ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ዲፒኬጂ ነው። ይህ ጥያቄ ከዴብኮንፍ በፊት የነበረ በመሆኑ ለዴብኮንፍ ዝምታ አይታዘዝም፤ የራሱ ትእዛዝ ይፈልጋል። በዚህም ብዙዎች ተቸግረዋል፤ ሁሉንም ጥያቄ ዘግተናል ብለው በሌሊት የጀመሩት ሥራ በጧት አንዲት ጥያቄ ላይ ቆሞ ይገኛል። በ2022 የወጣው የኡቡንቱ 22.04 የአገልጋይ እትምም ከእድሳት በኋላ «የትኞቹ አገልግሎቶች እንደገና ይነሡ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፣ ለዓመታት ያለ ሰው ይሠሩ የነበሩ ብዙ ትእዛዞች ቆመው መልስ መጠበቅ ጀመሩ። ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ በ2020 ኡቡንቱ የአገልጋይ መጫኛውን ለውጦ በሌላ ዐይነት የመልስ ፋይል የሚሠራ አድርጎት ስለ ነበር፣ የቀድሞውን ፋይል የለመዱ ሁሉ እንደገና መጻፍ ግድ ሆኖባቸዋል። ቅጹ ይለወጣል፤ መላሹም ዘወትር ንቁ መሆን ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዋና ነገር፣ ያለ ሰው መጫን ማለት ሰው የማይወስንበት መጫን ማለት አለመሆኑን ነው። «የስ» ጥያቄውን ሳትሰማ መለሰች፤ ኤክስፔክት ጥያቄውን አንብቦ በሰው ፋንታ መለሰ፤ ዴብኮንፍ ግን ጥያቄውን ከመልሱ ለይቶ ሰው አስቀድሞ፣ በጽሞና፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተማክሮ እንዲመልስ ዕድል ሰጠው። ይህን ዕድል የሚጠቀምበት መልሱን በእርግጥ የሚጽፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቻችን የሚከተለው ልማድ ይበጃል። የመጀመሪያውን ማሽን በእጅ፣ ጥያቄውን ሁሉ እያነበቡ መጫን፤ ከዚያ የተሰጡትን መልሶች ከመዝገቡ አውጥቶ በፋይል ማኖር፤ ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ በዴቢያን ተዘጋጅቷል። በየመስመሩ ላይ መልሱ ለምን እንደ ተመረጠ በማስታወሻ መጻፍ፤ በፋይሉ ውስጥ በመሰላል ምልክት የሚጀምር መስመር ለማሽኑ ምንም፣ ለሚቀጥለው ባለሙያ ግን ሁሉ ነገር ነው። ዲስክ የሚያጠፉትን መልሶች ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀመጥ፤ የሰዓቱን መልስ ፈጽሞ ለዝምታ አለመተው። ፋይሉ ደግሞ የአንድ ሰው ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሆኖ ይመዝገብ፤ ባለሙያው ሲዛወር መልሶቹ አብረውት እንዳይሄዱ።

የመጨረሻው ነገር ለማኅበራችን የቀረበ ነው። ጥያቄው በአማርኛ እንዲቀርብ በሩ ከተከፈተ ከ2009 ጀምሮ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፓኬጆች ግን በየእትሙ አዳዲስ ጥያቄዎችን ይጨምራሉ፤ እያንዳንዱም አዲስ ትርጉም ይፈልጋል። የትርጉሙ ፋይል ፕሮግራም ለማያውቅ ሰው እንኳ የሚደፈር ነው፤ የሙያ ቃላቱን የሚያውቅና አማርኛው የጠራ ሰው ግን ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሰው ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ካልተገኘ ከየት እንደሚገኝ ማሰብ ያስቸግራል። የኢስቶኒያኛው ማስታወሻ የተጻፈው ለኢስቶኒያውያን ብቻ አይደለም።